ጀበናው መጀመሪያ ጀበና ይሁን፦ በባሕር ዳር ስለወሰድኩት የሦስት ቀን የፎቶግራፍ ሥልጠና

ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት እያነሳሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጉርድ ፎቶ አትማለሁ። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ጥቂት እርምጃ በሚርቅ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ፣ የዕለት ተዕለት ዕቃን ለረቂቅ ሐሳብ ምልክት አድርጎ ማንሳትን የሚያስተምር ሥልጠና እንደሚሰጥ ስሰማ ከጉጉት ይልቅ ጥርጣሬ አደረብኝ። እኔ በሥራዬ ዕቃ የማነሳው ቀለበቱን አበባ ላይ፣ የሙሽራዋን ጫማ መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጬ ነው፤ እነዚህን ፎቶዎች ከአንዱ ሰርግ አልበም አውጥቼ ሌላው ውስጥ ብከታቸው ባለቤቶቹም የሚለዩዋቸው አይመስለኝም። ይህ ነገር ለዓመታት ሲከነክነኝ ስለቆየ 3,500 ብር ከፍዬ ተመዘገብኩ። የአዘጋጆቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ቅሬታዬን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ እነሱም በጨዋነት ሰምተውኛል። ይህን የምጽፈው ለቀጣዩ ዙር ለመመዝገብ የሚያመነቱ ባልደረቦቼ ምን እንደሚጠብቃቸው አውቀው እንዲገቡበት ነው።

ሠልጣኞቹ አሥራ አራት ነበርን። ግማሾቻችን ካሜራ፣ የቀሩት ስልክ ይዘው መጥተዋል፤ በስልክ በመምጣቱ የተናቀ ሰው ግን አልነበረም። ከመካከላችን ቡና ቤት ያላት ሴት፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቅኔ ተማሪ የነበረና አሁን የባጃጅ ሾፌር የሆነ ወጣት ይገኙበታል። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በሥራው የበሰለ፣ የሰው ሥራ ሲያይ የማይቸኩል ሰው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የታደለን አንድ ገጽ ወረቀት ግን ከሥልጠናው ሁሉ ደካማው ነገር ነበር። በግራ ዕቃ፣ በቀኝ ትርጉም የተደረደረበት ሠንጠረዥ ነው፦ ሻማ ተስፋ፣ ቁልፍ መፍትሔ፣ የግድግዳ ሰዓት ዕድሜ፣ የተሰነጠቀ መስተዋት የተረበሸ አእምሮ፣ ቀይ ጽጌረዳ ፍቅር። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሸመደደ ሰው የሚያነሳው ፎቶ በየበዓሉ በስልካችን ከሚላክልን የመልካም ምኞት ካርድ አይለይም። ወረቀቱን እያነበብን ሳለ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ መብራት ጠፋ፤ ቡና ቤት ያላት ሴትም «ሻማ እኮ ለእኛ ተስፋ አይደለም፣ መብራት ጠፋ ማለት ነው» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። ቀልድ ብትመስልም የወረቀቱን ጉድለት ከዚያ በተሻለ ያስረዳ ሰው አልነበረም። ሻማ በእኛ ቤት የቆጣሪና የትራንስፎርመር ነገር ነው፤ ስለት፣ ልመናና ተስፋ የሚያዘው በጧፍ ነው። ሁለቱም ሰምና ክር ናቸው፣ ሁለቱም ይበራሉ፤ የባሕር ዳር ተመልካች ግን አንዱን ከሌላው ጋር ፈጽሞ አያምታታም። ሠንጠረዡ ይህን ልዩነት የሚያስቀምጥበት ዓምድ የለውም።

የእነዚህ ምልክቶች ምንጭ ሩቅ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች የራስ ቅል፣ የአሸዋ ሰዓትና ገና ክሩ እየጨሰ የጠፋ ሻማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እያኖሩ የዓለምን ከንቱነት ይሥሉ ነበር። ተመልካቾቻቸው ያንኑ ነገር በስብከት እየሰሙ ያደጉ ሰዎች ስለነበሩ ሥዕሉን ለማንበብ ሠንጠረዥ አላስፈለጋቸውም፤ ሠዓሊዎቹም የሻማውን ጭስና የመቅረዙን ዝገት እስኪነካ ድረስ ተጠንቅቀው ይሥሉት ነበር። ለእኛ የታደለን ወረቀት ስማቸውን ወስዶ ጥንቃቄያቸውን ትቶታል።

የሚያስቆጨው ደግሞ እኛ ዘንድ ያለ ማንም ማስተማር የማያስፈልገው የዕቃ ቋንቋ መኖሩ ነው። ነጠላ ተዘቅዝቆ ሲለበስ፣ ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገት ሲመጣ፣ ሐዘን መኖሩን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ቄጤማ የተጎዘጎዘበትን ወለል ያየ ሰው እንግዳ ወይም በዓል እንዳለ አይጠይቅም። በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ሲቆም ያ ድንጋይ ይቅርታ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን እውነተኛ ድንጋይ ነው፣ ይከብዳል፣ ትከሻ ይልጣል፣ ይቅርታነቱም የመጣው ከክብደቱ ነው። ከእነዚህ አንዱም በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የቀድሞው የቅኔ ተማሪ እጁን ያነሳው በዚህ ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ሰምና ወርቅ የሚባለው ነገር ከሆቴል ስም እስከ ጭማቂ ቤት ድረስ ያለቦታው ሲጠራ ስለምሰማ፣ ቃሉን ሲጀምር በልቤ ተቃውሜው ነበር። እሱ ግን ያነሳው ወርቁን ሳይሆን ሰሙን ነው። «መምህር፣ አንጥረኛ መጀመሪያ ጌጡን በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ከዚያ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያፈስበታል። ሰሙ ጠማማ ከሆነ ወርቁም ጠማማ ይወጣል። የቅኔ መምህራችንም ሰሙ ለብቻው ታሪክ ካልሆነ ‹ተበላሽቷል› ብለው ይመልሱብን ነበር» አለ። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መንገድ መጠሪያ በሆኑበት በጎጃም ምድር ለሚሰጥ ሥልጠና ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም ነበር። አሠልጣኙም ይህን ለመረዳት አልዘገየም፤ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ማንም ሳይጠይቀው ወደ ጎን አደረገው።

ገንዘቤን የካሰልኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። መብራቱ ባለመመለሱ ሥራው ሁሉ ወደ አንድ የምሥራቅ መስኮት ዞረ። አሠልጣኙ እጀታው ተሰብሮ በቀጭን ሽቦ የታሰረ አሮጌ ጀበና ከነማቶቱ በባዶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ስለ ምንም ነገር ሳናስብ፣ ምልክትም ሳንፈልግለት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እንድናነሳው አዘዘን። መስኮቱ ላይ ነጠላ ጋርደን ብርሃኑን አለሰለስነው፤ በጥላው በኩል የምግብ መጠቅለያ ፎይል የተለጠፈበት ካርቶን አቆምን። እኔ በልማዴ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው፣ ኤፍ 2.8 ላይ፣ ከፍቼ ስለነበር ከቅርብ ሳነሳ የጀበናው አፍ ብቻ ጥርት ብሎ ሌላው ሁሉ ቀለጠብኝ። ለሙሽራ ፊት የሚያምረው ይህ ድብዝዝነት እዚህ ዕቃውን ገደለው። ካሜራውን በትራይፖድ አቁሜ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 100 ላይ አድርጌ፣ ሌንሱን ወደ ኤፍ 8 ሳጠበው ሽቦው በሸክላው ላይ የፈገፈገው ነጭ መስመር ታየ፤ ከአንገቱ ሥር የቡና ፍሳሽ ደርቆ የሠራው ቡናማ ጅረት ታየ፤ በሆዱ ላይ የከሰል እሳት በአንድ ጎን ብቻ ያጠቆረው ስፍራ ታየ። ጀበናው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይጣድ እንደነበር የገባን በዚህ ነው፤ እጀታው ወዴት እንደሚዞር ባለቤቱ ታውቃለች ማለት ነው።

ሰዓቱ ሲያልቅ አሠልጣኙ «አሁን ምን ያስታውሳችኋል?» ሲል ጠየቀ። አንዱ እርጅና አለ፣ ሌላው ድህነት፣ ሌላው ቁጠባ። ቡና ቤት ያላት ሴት በሦስቱም አልተስማማችም፦ «አዲስ ጀበና ስንት ነው እና? ይቺ ሴት ያልጣለችው ቡናው ስለሚጣፍጥበት ነው። ይሄ ታማኝነት ነው።» ታማኝነትን በሠንጠረዥ ብንፈልግ ውሻ ወይም ቀለበት እናገኝ ነበር፤ በሽቦ የታሰረ ጀበና የሚያገኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ምሽት እያንዳንዳችን ከአንድ ባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አወጣን፤ ትዕግሥት፣ ኩራት፣ መለያየት፣ ሥልጣን የሚሉ ቃላት ነበሩ። የእኔ ዕጣ ዕዳ ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ የሱቁ የዱቤ ደብተር ነው፤ ግን የዱቤ ደብተር የዕዳ ምልክት ሳይሆን ራሱ ዕዳው ነው፣ ፎቶው ከማስረጃ አያልፍም። ቤቴ ገብቼ ዕቃ ሳገላብጥ፣ የታጠቡ ሳህኖች በመደርደሪያው ላይ ተደፍተው ሲንጠባጠቡ አየሁ። ከስድስቱ አንዱ ከሥሩ የቀይ ጥፍር ቀለም ነጥብ ነበረበት። በሰፈራችን እናቶች ለድግስ ያዋሱት ዕቃ ከሌላው እንዳይቀላቀል ሥሩን በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጉበታል፤ የእኛ ቤት ምልክት ሰማያዊ መስቀል ነው። ቀይ ነጥብ ያለው ሳህን የጎረቤቴ ነው፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ተልኮበት የመጣ፣ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ የሚሞላበት ነገር እስኪገኝ ለወራት እኛ ዘንድ የሰነበተ። አምስቱን ባለሰማያዊና አንዱን ባለቀይ እንደተደፉ፣ ውሃቸው ሳይደርቅ፣ ከመደርደሪያው ትይዩ ባለችው አንዲት አምፖል ብርሃን አነሳኋቸው።

በማግሥቱ ፎቶው በግድግዳ ላይ ሲንጸባረቅ አሠልጣኙ «ቀዩ ነጥብ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሴቶቹ ደግሞ ገና ሳላብራራ መሳቅ ጀምረው ነበር። ከሣቁ በኋላ የመጣው ውይይት የሥልጠናው ጥሩው ክፍል ነበር ማለት እችላለሁ። አሠልጣኙ ፎቶውን ባለማንበቡ አላፈረም፤ ይልቁንም ነጥቡን የማያውቅ ሰው ፎቶውን እንዴት ሊያየው እንደሚችል ጠየቀ። ለእሱ በአንድ ዓይነት ዕቃዎች መካከል የገባ ባዕድ ሆኖ ታይቶታል፤ ወደ ዕዳ ባይደርስም ወደ መንገዱ ገብቷል። ሳህኖቹ በሚገባ የተነሱ ሳህኖች ባይሆኑ ኖሮ ግን እዚያም ባልደረሰ ነበር። በደካማው ጎኑ ደግሞ አምፖሉ ሳህኖቹን ቢጫ አድርጓቸው ቀዩ ነጥብ ወደ ብርቱካናማ እንዳዘነበለ ነገረኝ፤ ነጭ ሚዛኑን፣ ካሜራው ቀለምን ከብርሃኑ ዓይነት ጋር የሚያስማማበትን፣ ሳላስተካክል ማንሳቴ እውነት ነው፣ ለአሥር ዓመት ፎቶ አንሺም ያሳፍራል።

የሁለተኛው ቀን ጉዞ ወደ ዘጌ ነበር፤ በዝግጅት ረገድ ከሦስቱ ቀናት የከፋውም እሱ ነው። ጀልባው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል ተብሎ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሳን፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ዝቅ ብሎ የሚመጣ የማለዳ ብርሃን አመለጠን። የሐይቁ ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስንደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። የመግቢያው ክፍያ በሥልጠናው ዋጋ ውስጥ አለመካተቱንም ያወቅነው በሩ ላይ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነበር።

ቦታው ራሱ ግን በእኛ ርዕስ ላይ ከማንም የተሻለ መምህር ነው። በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ በተለጠፉት ሥዕሎች ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ይመለከቱናል፣ ክፉዎቹ ግን ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። አስጎብኚው ዲያቆን ከበሮውን አሳይቶን በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታ የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ መሆኑን ነገረን፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ ስለሚሰካው የሰጎን እንቁላልም ሰጎን ዓይኗን ሳትነቅል እንቁላሏን እንደምትጠብቅ፣ ሰውም ልቡን ሳይከፋፍል እንዲጸልይ ማሳሰቢያ መሆኑን ጨመረልን። እኔን የገረመኝ ጠፍሩ ከበሮውን ወጥሮ የሚይዝ መሆኑ ነው። ቢፈታ ምሳሌው ብቻ ሳይሆን ድምፁም ይጠፋል። አንድ ሰዓት ተቀምጠን ልንነጋገርበት የሚገባው ነገር ይህ ነበር፤ ጀልባው ዘግይቶ ስለነበር ግን በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተገፍተን ወጣን።

ስንመለስ በሐይቁ ዳር በታንኳ ላይ ልምምድ ተሰጠን። አብዛኛው ሰው ያነሳው በምሽት ወርቃማ ውሃ ላይ የሚሄደውን ታንኳ ነው፤ ርዕሱም «እርጋታ» ወይም «ነፃነት» ነው። በሻርፕና በፖስት ካርድ ላይ ያየነው ያው ምስል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ በዋለበት መጠን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ጎትቶ ያወጣውና እንዲደርቅ ያቆመዋል። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳ፣ ቆሞ የሚንጠባጠበውን ታንኳ ከሥሩ ከተጠራቀመው ኩሬ ጋር አነሳችው። ዕጣዋ ትዕግሥት ነበር። ለእኔ ትዕግሥት ሳይሆን ድካም ሆኖ ታየኝ፤ ግን በዕለቱ ከተነሱት ሁሉ ደጋግሜ ያየሁት ፎቶ እሱ ነው።

የእምቦጩም ነገር እንዲሁ አከራካሪ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣ ሠልጣኝ ሐምራዊ አበባውን በጣም በሚያምር ሁኔታ አንስቶ «ውበት» ብሎ ሰየመው። ይህ አረም በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዓሣ አጥማጁን መረብና የጀልባውን መንገድ እንዴት እንደዘጋ ለሚያውቅ የዳርቻው ሰው ያ አበባ ውበት ሊሆንለት አይችልም። አሠልጣኙ ፎቶውን አልጣለውም፤ ርዕሱን ብቻ እንዲያነሳው ነገረው። ትክክለኛ ፍርድ ነበር፤ ያለ ርዕስ ሲታይ አበባው አማረም አስፈራም።

በሦስተኛው ቀን የዓለም ፎቶ አንሺዎችን ሥራ አየን። አንድሬ ኬርቴስ በ1928 እ.ኤ.አ. ያነሳው ሹካ በሳህን ጠርዝ ላይ ተደግፎ ጥላውን ከመጣል በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ኤድዋርድ ዌስተን በ1930 በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ያነሳው ትልቅ ቃሪያ የሰው ጡንቻና ጀርባ ይመስላል፤ ቃሪያነቱን ግን ለአፍታ አይተውም። ቲና ሞዶቲ ደግሞ በ1927 በሜክሲኮ የጥይት ዝናር፣ በቆሎና ማጭድ አንድ ላይ አድርጋ አንስታለች፤ ፖለቲካዋን በግልጽ የተናገረችበት ምስል ነው። የመጀመሪያው ቀን ሠንጠረዥ ዘመድ ይሆን ነበር፣ ሦስቱም ነገሮች በዚያ ዘመን በሜክሲኮ ገበሬ እጅና ትከሻ ላይ የሚውሉ ባይሆኑ ኖሮ። ለጎጃም ገበሬ ልጅም ያ ፎቶ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቅር ያለኝ የፎቶ አንሺዋ የአይዳ ሙሉነህ ሥራ ለመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች መተረፉ ነው። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተች፣ በ2018 ደግሞ ዋተርኤይድ ለተባለው የውኃ በጎ አድራጎት ድርጅት በዳሎል በረሃ የውኃን ጥያቄ በደማቅ ቀለምና በተቀነባበረ ምስል ያቀረበች ኢትዮጵያዊት ናት፤ የሷ መንገድ ከእኔ አስተያየት ጋር የሚጋጭ መሆኑም ለክርክር ጥሩ ነበር። እሷ ዕቃውን ከቤቱ አውጥታ መድረክ ላይ ታቆመዋለች፤ ይህ ለምን እንደሚሠራላት ብንወያይ የእኔም አቋም ይፈተን ነበር።

ስለ ኅትመቱ ብዙ አልልም። ለእያንዳንዳችን የተሰጠን አንድ ኅትመት ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ነው፤ የእኔን በራሴ ማተሚያ ደግሜ አትሜዋለሁ። የምስክር ወረቀቱ ያምራል።

ለማን ይጠቅማል? ካሜራ መያዝ ለሚጀምር ሰው አልመክረውም፤ ስለ ሸተርና ስለ ብርሃን መጠን ከዜሮ አያስተምሩም፣ እናስተምራለንም አይሉም። ለዓመታት ሲያነሳ ቆይቶ ሥራው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነበት ሰው ግን በ3,500 ብር የሚያገኘው የጀበናው ሰዓትና የፎቶ ግምገማው ብቻ ቢሆን እንኳ አይከስርም። የሚሄድ ሰው ከቤቱ ያገለገለ ዕቃ ይዞ ይሂድ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ከሱቅ የመጡና ገና ዋጋቸው ያልተላጠ ናቸው። ለዘጌው ጉዞ የመግቢያ ገንዘብ በኪሱ ይያዝ፣ የጀልባውን ሰዓትም ራሱ ደውሎ ያረጋግጥ። አዘጋጆቹ ደግሞ ያንን ሠንጠረዥ ትተው በምትኩ ለሠልጣኞች ባዶ ወረቀት ቢያድሉና በየሰፈራቸው የሚታወቀውን የዕቃ ምልክት እንዲጽፉበት ቢያደርጉ፣ በአንድ ጠዋት ውስጥ ከዚያ ሠንጠረዥ የሚበልጥ ነገር ይሰበስባሉ።

ሳህኑን ባለፈው ሳምንት ድፎ ዳቦ ቆርሼ ሞልቼበት ለጎረቤቴ መለስኩ፣ ደግሜ ያተምኩትን ፎቶም አብሬ ሰጠኋቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያ ጣታቸውን በሁለተኛው ረድፍ ባለ አንድ ሳህን ላይ አሳርፈው «ይሄስ? ይሄም የኔ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰማያዊው ከላዩ ነው የተቀባው» አሉኝ።